የሰባት ቤት እጀ ጠባብ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን የትምህርት ቤት ልብስ ለማሰፋት ገንዳ ውሃ ከተማ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሰፊው ጎልማሳ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉም ከእጁ የማያንስ። ልኳን ወስዶ ሰማያዊውን ጨርቅ ዘረጋና በጠመኔ አስምሮ ይቆርጠው ጀመር። ቁራጩ እግሩ ሥር ተከመረ፤ ሲጨርስ እንደ ጉድፍ ጠርጎ ጆንያ ውስጥ ከተተው። ምን እንደሚያደርገው ብጠይቀው የትራክተር ሰዎች ዘይት ሊወለውሉበት እንደሚወስዱት ነገረኝ። አንድ እፍኝ እንዲሰጠኝ ለመንሁት። ለአሻንጉሊት ነው ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ፤ ገበያው ዓይኗን በምታርገበግብ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሞልቶ ሳለ በዚህ ዕድሜዬ መርፌ ለመያዝ ምን አደከመኝ አለ። ሳቁ አልከፋኝም፤ የዛሬ ሰው ጨርቅ ሲትረፈረፍ እንጂ ሲታጣ አላየም። የያዘኝ ሽታው ነው። አዲስ ጨርቅና የስፌት መኪና ዘይት ሲቀላቀሉ የሚሰጡት ሽታ አለ። እሱ አፍንጫዬን ሲመታው ገንዳ ውሃ መቀመጤን ረሳሁና መተማ ዮሐንስ፣ ኾሩ ዳር፣ ከሐጂ ኑር ሱቅ በረንዳ ላይ ተገኘሁ። የልጅ ልጄ ክንዴን ይዛ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ እዚያው ነበርሁ።

ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን ነው። ዓመቱን በቁጥር አልነግራችሁም፤ እኛ ዓመት የምንቆጥረው በንዳዱና በማሽላው ነበር፤ ንዳዱ የበረታበት ዓመት፣ ማሽላው የሰመረበት ዓመት እያልን። የመተማ ነገር ሁሉ ኾሩ ነበር። ኾር የሚሉት ያን በበጋ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚተኛውን፣ ክረምት ሲገባ ግን አህያ ከነጭነቱ የሚወስደውን ወንዝ ነው። ወዲህ መተማ፣ ወዲያ የእንግሊዙ ገላባት። ከወዲያ አቡጀዲ፣ ስኳርና ሽቶ ይመጣል፤ ከወዲህ ቡና፣ ማርና ሰም ይሻገራል። በአንድ ጠገራ ብር አንዲት ሴት ከራሷ እስከ እግሯ ለብሳ፣ በቀረው ሳሙና ገዝታ ትመለስ ነበር። ጣሊያን የወረቀት ብር አምጥቶ ነበር፤ ሰዉ ግን በጥፍር ቢያንኳኩት የማይጮኽ ብር ምን ብር ነው እያለ ሲሸሸው ኖረ። ገበያው ሲቆም የሱዳን ሴቶች ቶባቸውን እየጎተቱ፣ ለጣሊያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ቀይ ቆባቸውን ደፍተው፣ የቆላ ገበሬው ጋቢውን በትከሻው ጥሎ ይጋፋል። ከጣሊያኖቹ መጠጥ ቤት የሸክላ ዘፈን ይሰማል። ዘፋኙ ሁልጊዜ የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር፤ ምን እንደሚል ሳላውቅ ዜማው ገብቶብኝ እስከ ዛሬ ዕቃ ሳጥብ ያመልጠኛል። ልጆቼ ይህን ከየት አመጡት ይሉኛል።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ማሽላ ልናርስ ከባሌ ጋር ከጭልጋ ወርደን ነበር፤ እሱ ግን ሞፈሩን ትቶ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ለጠየቀኝ ሁሉ ሱዳን ጥጥ ለቀማ ሄዷል እላለሁ። ሰው ሁሉ እውነቱን ያውቃል፣ ሰው ሁሉ ያላወቀ ይመስላል። ልጅ አልወለድንም ነበር። ከእኔ በኋላ ያገቡት አዝለው ገበያ ሲወጡ እኔ ባዶ ጀርባዬን ይዤ እወጣለሁ፤ ምጥ ያለበት ቤት ስገባ ወሬ ዝም ይላል። ያስጠጉኝ ሐጂ ኑር ናቸው። ሐጂ ሱዳኖቹ ሳይቀሩ ኾሩን ተሻግረው የሚያሰፉባቸው የታወቁ ሰፊ ነበሩ። በእጅ የሚዞረውን የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው፣ መነጽራቸውን በክር ከጆሯቸው አስረው ይሰፋሉ። እኔ ከምሰሶው ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጬ ጠርዝ እቀመቅማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። ሲከፋቸው «ዘርፌ፣ ስፌትሽ እንደ ሰካራም ይሄዳል» ይሉኛል፤ ደስ ሲላቸው ምንም አይሉኝም።

ሐጂ ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ከሰው ጨርቅ የተረፈ ቁራጭ የባለጨርቁ ነው፤ የጣት ያህል ቢሆን እንኳ ተጠቅልሎ በተሰፋው ልብስ ውስጥ ይመለሳል። ሰው የልብሱ ቁራጭ በባዕድ እጅ እንዲቀር አይወድም፣ መተት ይሠራበታል ብሎ ይፈራል። ሁለተኛው የመግነዝ ጨርቅ ነው። ለሙት የሚሆን አቡጀዲ በእሳቸው ቤት መቀስ አይነካውም። ዳሩን በጥርሳቸው ነከስ አድርገው በእጃቸው ይቀዱታል፤ ለድካማቸውም ዋጋ አይቀበሉም። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እንዲሁ ነበሩ። ከመግነዝ የተረፈውም ወደ ቁራጭ ቅርጫቱ አይገባም፤ በከረጢት ሆኖ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፣ ጨርቅ ላጠረው ድሃ መቀጠያ ይሆናል። ስለዚህ በእኛ ቤት ዳሩ በመቀስ የተቆረጠ ጨርቅ የሕያው ነው፤ ዳሩ ተቀዶ ክሩ የተንጨባረረ ነጭ ጨርቅ የሙት ነው። ይህን ለመለየት ዓይን አያስፈልግም፣ ጣት ይበቃል።

ሐጂ ራሳቸው ጨርቅ ገዝተው ለገበያ ከሚሰፉት ጀለቢያና ቀሚስ የሚተርፈው ግን የቤቱ ነውና ለእኔ ተፈቀደልኝ። በእሱ ለሰፈሩ ልጆች መጫወቻ መስፋት ጀመርሁ። ያልተዳመጠ ጥጥ እጠቀጥቅና ጭንቅላት አበጃለሁ፣ በጥቁር ክር ዓይንና ቅንድብ እጥላለሁ፣ ከቶብ ቁራጭ ሻሽ አስርላታለሁ። ለወንዶቹ ኳስ፣ ለሕፃናቱ ትንንሽ ቆብ፣ ለአራስ ቤት ደግሞ አልጋ ላይ የምትንጠለጠል ወፍ። አንድ ጊዜ ከካኪ አንድ ሰውዬ ሰፍቼ ቀይ ቆብ ደፋሁለት። ልጆቹ በአስካሪዎቹ አለቃ ማዕረግ ሹምባሽ ብለው ሰየሙትና ከዛፍ ላይ አስረው በአርጩሜ ይገርፉት ጀመር። ይህን ያዩት ሐጂ ላብ አጠመቃቸው፤ እውነተኛው ሹምባሽ ሱሪውን ሊያሰፋ በማግስቱ የሚመጣ ነው። ሹምባሹን ከዛፍ አውርጄ አበባ ያለበት ቀሚስ አልብሼ ሴት አደረግሁት። ልጆቹ ግን አልተታለሉም፣ በቀሚሱም ገረፉት።

ከዚያ ጣሊያንና እንግሊዝ ተጣሉና ኾሩ ተዘጋ። ክረምት ነበር። ከወዲያ የሚመጣው ሁሉ በአንድ ሳምንት ቀረ፤ ስኳሩም ሽቶውም ይቅር፣ አቡጀዲ ጠፋ። ሰው አሮጌ ልብሱን ገልብጦ ማሰፋት ጀመረ፤ የሞተውም በራሱ ጋቢ መገነዝ ጀመረ። የእኔ ቅርጫት ደግሞ ክር ብቻ ቀረባት። ያ ክረምት ሲወጣ ነው የእንጉዳይ ነገር የመጣው።

እንጉዳይ የጎረቤቴ ስም ነው፤ ግድግዳችን አንድ ነበር። ባሏ በአጋሰስ ጭነት የሚያመላልስ ነጋዴ ስለሆነ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሁለቱንም የወሰደው ንዳድ ነው፣ ሁለቱም የሞቱት ሁለተኛ ክረምታቸው ሲወጣ ነው። ሦስተኛው ምትኩ ይባላል፤ ክብ ግንባር ያለው፣ ሲስቅ ድዱ ሁሉ የሚታይ ልጅ። እሱም ያን ዓመት ሁለተኛ ክረምቱን እየጨረሰ ነበር። እንጉዳይ ሌሊቱን ትንፋሹን ስታዳምጥ እያደረች ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። እኔም ልጁን እወደው ነበር፤ በሷ ልጅ የራሴን ናፍቆት እወጣ ነበር ብል ይሻላል።

ልጅ ላልበረከተላት እናት በሰፈራችን የሚደረግ አንድ ነገር ነበር። ሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም። እናቲቱ ልጅ ያላቸው ሰባት ቤቶች ዞራ ከየቤቱ አንዳንድ ቁራጭ ጨርቅ ትለምናለች። ያ ሁሉ ተጋጥሞ ለልጁ እጀ ጠባብ ይሆንና ለዘመን መለወጫ ይለብሰዋል። ቁራጩን የሰጠ ቤት ለልጁ ዘመድ ይሆናል፤ የሰጠ ሰው በሰጠው ልጅ ላይ ክፉ አያስብም። ሞትም ቢመጣ ሰባት ቤት የተካፈለውን ልጅ የማን ብሎ ይወስደዋል ይባላል። የምትሰፋውም ብዙ የወለደች ሴት እንድትሆን ሴቶቹ ለእንጉዳይ መከሯት። እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። «ዘርፌ ትስፋው። እንደሷ ለልጄ የሚሳሳ እጅ የለም» ብላ በፊታቸው ቁራጮቹን በእጄ አስቀመጠቻቸው። ያልወለደች እጅ ለልጅ ነገር አይሆንም ይባል እንደ ነበር እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ካገባሁ ወዲህ እንደዚያ ያከበረኝ ሰው አልነበረም።

ስድስት ቁራጭ አምጥታ ነበር። ከአናጢው ቤት የተገለበጠ ሱፍ፣ ከጠላ ሻጯ ቤት ቀይ ሻሽ፣ ከአንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ቤት ሰማያዊ የቶብ ጫፍ፣ ከአስካሪ ሚስት ደግሞ ካኪ፤ ልጅ ያለው ቤት ይሁን እንጂ የማን ነው አይባልም። የቀሩት ሁለቱ ስንት ጊዜ እንደታጠቡ እግዜር የሚያውቃቸው የጥለት ቁራጮች ነበሩ። ሰባተኛው ቤት አረንጓዴ ከፋይ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ፣ ጦርነት ይመጣል የሚባለው ወሬ ሲበረታ አንድ ጠዋት በሩን ዘግቶ ወደ ደጋ ሸሸ። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። እንጉዳይ በዝናብ ስትዞር ውላ ከቀትር በኋላ ወደ እኔ መጣች፤ ጨርቅ የተረፈው ቤት ጠፍቷል። «ስድስት ቤት ብቻ ሆኖ ይቅርብኝ?» አለችኝ። አይቀርም አልኋት። የሐጂ ቤት አምስት ልጆች አሉበት፣ ከዚያ አመጣለሁ አልሁና ወደ ሱቁ ሮጥሁ።

ሐጂ አልነበሩም። ባለቤታቸውን ሐሊማን አስፈቀድኋቸው፤ ልጅ ታቅፈው ስለነበር ካገኘሽ ከቅርጫቱ ውሰጂ አሉኝ። ቅርጫቱ ውስጥ ክር ብቻ ነበር። ከቅርጫቱ አፍ ላይ ግን ሁለት መዳፍ የሚያህል ነጭ አቡጀዲ ተዘርግቷል። ጣራው አፍስሶ የምሰሶው ከረጢት ስለራሰ፣ ይደርቅ ብለው ሐሊማ ራሳቸው አውጥተው እንዳሰጡት በኋላ ነው የሰማሁት። አንስቼው ቤቴ ሄድሁና ከሌሎቹ ጋር ልገጥመው ዳሩን በጣቴ ሳብሁት። የተቀደደ ነው። ክሩ ተንጨባሯል።

ሳላውቅ ነው ብል ዛሬ ማንም አይከሰኝም፤ ከተማው ውስጥ ከዚያ ዘመን የቀረሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ግን አይቻለሁ። አይቼ ደግሞ ለራሴ ምክንያት አበጀሁ፤ ዘንድሮ መቀስ ደንዝዟል፣ ጨርቅም የሚቀድ ሰው በዝቷል፣ ምናልባት የጀለቢያ ትርፍ ነው አልሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በዓሉ ነገ ነው፣ እንጉዳይ ከግድግዳው ወዲያ ልጇን እሹሩሩ ስትል ይሰማኛል፣ እኔም በእጄ የሰፋሁትን ልብስ ልጁ ለብሶ ላየው ጓጉቻለሁ። የተቀደደውን ዳር ወደ ውስጥ አጠፍሁትና ማንም እንዳያየው በጥቃቅን ስፌት ደጋግሜ ሰፋሁበት። ደረቱ ላይ ነበር የጎደለው፣ ደረቱ ላይ ገጠምሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ስፌት አልሰፋሁም።

በማግስቱ ምትኩ ለብሶት ወጣ። ጭቃው ላይ እየወደቀ እየተነሣ ሲሮጥ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀለት፤ ቁራጭ የሰጡት ሴቶች እያንዳንዳቸው የቤታቸውን ጨርቅ በጣታቸው እየነኩ ሳሙት። እንጉዳይ ከዚያ በፊት አይቼ በማላውቀው አሳሳቅ ሳቀች። እኔ ደረቱን ላለማየት እግሩን አየው ነበር።

መስቀል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጁ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ብርድ፣ ከዚያ እሳት፣ ከዚያ ላብ፤ ንዳድ መሆኑን ለመተማ ሰው መንገር አያስፈልግም። እንጉዳይ እጀ ጠባቡን አላወልቅም አለች። በላብ ሲበሰብስ እንኳ ከላዩ ላይ በትንፋሿና በመዳፏ ታደርቀዋለች እንጂ አታወልቅም፤ ሰባቱ ቤት ይጠብቁታል ትላለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያንን ነጭ ቁራጭ በልጁ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። አሁን ብነግራት ትጠላኛለች፤ ሴቶቹም ልጅ ያጣች ሴት ተመቅኝታ መግነዝ አለበሰችው ይላሉ፣ ማን ይመልስልኛል? ባልነግራትና ልጁ ቢሞትስ? እሷ አላወልቅም ያለችውን ልብስ ምንነት እያወቅሁ የደበቅኋት እኔ ልሆን ነው።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሐጂ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። መኪናቸውን አቆሙ። ከረጢቱን አውርደው አዩና የማን እንደነበረ ነገሩኝ። ቁራጩ ከአንድ መንገደኛ መግነዝ የተረፈ ነበር። ከሩቅ ምዕራብ አገር በእግሩ ለሐጅ ሲሄድ ኾሩ ተዘግቶበት መተማ የቀረ፣ በንዳድ የሞተ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ ያልሰማንለት ሽማግሌ ነው፤ ሐጂ ከራሳቸው ጨርቅ ገንዘው የቀበሩት። ይቆጡኛል ብዬ ራሴን ዝቅ አድርጌ ቆምሁ።

«ጨርቅ ልጅ አይገድልም» አሉኝ። «የሚገድለው ንዳዱ ነው። ግን አንቺ የደበቅሽው ነገር የእሷ ነው፤ ሂጂና መልሺላት።»

በወረቀት የተጠቀለለ ጥቂት ኪኒንም ሰጡኝ። ከየት እንዳቆዩት አላውቅም፤ ያን ጊዜ ኪኒን ከወርቅ ይበልጥ ነበር።

ብቻዋን ባገኛት ብዬ እየጸለይሁ ሄድሁ። ቤቱ በሴቶች ሞልቷል፤ ልጁ እየባሰበት ስለመጣ ሊያፅናኗት የመጡ ናቸው። እስኪወጡ ልጠብቅ አስቤ ነበር። የሚወጡ አልመሰለኝም፣ ልቤም ከጠበቅሁ እንደምትከዳኝ አወቅሁ። ኪኒኑን አቀበልኋትና እዚያው ቆሜ ነገርኋት። ዳሩን እንዳየሁ፣ አጥፌ እንደ ሰፋሁበት፣ ሁሉንም። አንዲት አሮጊት ከጥግ «ድሮም ብለን ነበር፣ ያልወለደች እጅ» ብለው ጀመሩ። እንጉዳይ በእጇ ምልክት ዝም አሰኘቻቸው።

ልጁን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጣቷን ከእጀ ጠባቡ ሥር አስገብታ ያን እጥፋት በቀስታ ዳሰሰችው፤ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው። አሁን ትቀደዋለች፣ አውልቃ እሳት ውስጥ ትጥለዋለች ብዬ ስጠብቅ የማን እንደነበረ ጠየቀችኝ። የመንገደኛውን ነገር ነገርኋት። ወገን አልነበረውም ወይ አለች፤ አልነበረውም አልኋት።

«ስድስቱን ቤት ደጅ ጠንቼ ነው የተቀበልሁት» አለች፣ ለሴቶቹ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ። «ሳልለምነው የሰጠኝ እሱ ነው። የሰጠ ደግሞ አይነሣም። አይወልቅም።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ግን አይተሽ ነው የሰፋሽው» አለችኝ። ፊቷን ወደ ልጁ መለሰች። ወጣሁ።

ልጁ ዳነ። ኪኒኑ ነው፣ ጸሎቱ ነው፣ ወይስ ልብሱ፣ እግዜር ያውቃል፤ ሐጂ ኪኒኑ ነው ይሉ ነበር፣ አሮጊቷ ደግሞ እሳቸው ያመጡት ጠበል እንደሆነ እስኪሞቱ አውርተዋል። በአራተኛው ቀን የምትኩን ሳቅ በግድግዳው በኩል ሰማሁና ብቻዬን አለቀስሁ። እንጉዳይ ግን ልብሱን ተቀበለች እንጂ እኔን አልተቀበለችም። ውሃ ስንቀዳ ብንገናኝ እንስራዋን ታነሣለች፣ እሳት ሲጠፋባት ግድግዳ የምትካፈለኝን እኔን አልፋ ሦስተኛ ቤት ትሄዳለች። ተቆጥታ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ለሌሎቹ ልጆች መስፋቴንም ተውሁ፤ እናቶቻቸው ከእጄ መቀበል ፈርተው ነበር፣ እኔም መርፌዬን ፈርቻት ነበር።

ጥቂት ቆይቶ መድፉ መጣ። አንድ ጠዋት ሰማዩ ተቀደደና በለበስነው ወደ ሽንፋ በረሃ ሸሸን፤ ማን በየት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። በዚያ ወራት የበላሁትንና የጠጣሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ እሱ ለሌላ ቀን ወሬ ነው። ጣሊያን ከመተማ ወጣ፣ ባሌም ጢሙን አሳድጎ ከጫካ መጣ፤ መጀመሪያ አላወቅሁትም ነበር። በኋላ አራት ወልጃለሁ፣ ስለዚህ ያልወለደች እጅ የሚለኝ ቀረ። ያን ጊዜ ግን ገና ባዶ ነበርሁ። ተመልሰን ስንመጣ ከተማው አመድ ነበር። የሐጂ መኪና ብረቷ ብቻ ተርፋ ነበር፤ ሐጂ እሷን ይዘው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዘይት ያጠጧታል። እኔና ባሌም በጎጆዬ ርዝራዥ ላይ ሳር ክዳን እያበጀን ሳለ ዘመን መለወጫ ደረሰ።

በዕለቱ ጠዋት ደጄ ላይ የቆመችው እንጉዳይ ነበረች። ከስታለች፣ ጠቁራለች። ምትኩን በእጁ ይዛዋለች፤ ቁመቱ ረዝሞ እጀ ጠባቡ እንብርቱ ላይ ደርሶበታል፣ እጅጌውም ክንዱ እኩሌታ ላይ ቀርቷል፣ ደረቱ ግን እንደ ሰፋሁት ነው። ዓመት ሙሉ ካልሰማሁት አፏ ያገኘሁት ሰላምታ ይህ ነበር፤ «ሰባተኛው ቤት የት ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ የሰባት ቤት እጀ ጠባብ የለበሰ ልጅ በዓመቱ ሰባቱን ቤት ዞሮ እንኳን አደረሳችሁ ማለት አለበት፤ ያ ነው የልብሱ ምስጋና። ከማለዳ ጀምራ ስትዞር ነበር። የአናጢው ቤት ተቃጥሏል። ጠላ ሻጯ የት እንደገባች የሰማ የለም። ሱዳናዊው ወደ አገሩ ተሻግሯል፣ የአስካሪው ሚስት ከባሏ ጋር ሄዳለች፣ የቀሩትን የሁለቱን ቤቶች ቦታም አረም ወርሶታል። ስድስት ቤት ዞራ አንድ ሰው ሳታገኝ ቀረች።

የመንገደኛው መቃብር የት እንደሆነ ሐጂን ጠይቀን ሄድን። ከኾሩ ከፍ ብሎ ከአንዲት የቁርቁራ ዛፍ ሥር ነው፤ ራስጌው ላይ ሐጂ ያቆሙት ድንጋይ አለ። መድፍ ያን ሁሉ ቤት ሲያፈርስ ይህን አልነካውም። በቦታው የቆየው ቤት እሱ ብቻ ነበር። ሳሩ አድጎበት ስለነበር እንጉዳይ ጎንበስ ብላ በእጇ ነቀለችለት፤ እኔም ከማዶ ሆኜ ነቀልሁ፤ አልተነጋገርንም። ከዚያ ልጁን ወደ ድንጋዩ አቀረበችውና «እንኳን አደረሰዎ አባቴ በል» አለችው። ምትኩ ድንጋዩን አየ፣ እናቱን አየ፣ በሚኮላተፍ አፉ አለ። ትንሽ ጠብቆ ደግሞ ለምን እንደማይመልሱለት ጠየቃት።

«ሰጥተውሃል እኮ» አለችው። «ከዚያ በላይ ምን ይበሉህ?»

አቧራዋን አራግፋ ተነሣች። ልትሄድ ነው ብዬ ነጠላዬን ስሰበስብ ልጁን በትከሻው ይዛ ወደ እኔ አዞረችው። ዓይኗ ዓይኔን ሳያይ፣ ግን ድምፅዋ እንደ ድሮው ሆኖ፣ «እሷንም እንኳን አደረሰሽ በላት፤ የሰፋችልህ እሷ ናት» አለችው።